ሁለት ዘር በአንድ ማሳ፦ የኦሪት ክልከላና የጥራጥሬ ስብጥር

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 19፣ ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 22 ቁጥር 9 አንድን እርሻ ወይም አንድን የወይን ቦታ በሁለት ዓይነት ዘር መዝራትን ይከለክላሉ። ክልከላው ብቻውን የቆመ ሳይሆን፣ ሁለት ዓይነት እንስሳትን ማዳቀልን፣ በሬንና አህያን አንድ ላይ ጠምዶ ማረስን፣ ከበግ ጠጉርና ከተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ መልበስን ከሚከለክሉት ትእዛዛት ጋር ተያይዞ የተሰጠ ነው። ይሁን እንጂ ይህን መጽሐፍ የአምላክ ቃል አድርጎ በተቀበለው የኢትዮጵያ ደጋ፣ ገበሬው ባቄላን ከአተር ጋር ቀላቅሎ ይዘራል፤ በትግራይና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎችም ሐንፈጽ የሚባለው የስንዴና የገብስ ድብልቅ በአንድ ማሳ በቅሎ፣ በአንድ አውድማ ተወቅቶ፣ አንድ እንጀራ ወይም አንድ ዳቦ ይሆናል። እምነታቸው ከዚህ የተለየው የሐረርጌ ገበሬዎች በማሽላና በበቆሎ መካከል ቦሎቄ ያስገባሉ፤ የኮንሶ ገበሬዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የድንጋይ እርከናቸው ላይ ማሽላን ከበርካታ ሰብሎች ጋር ያበቅላሉ። ታዲያ ኦሪትን የሚያከብር ሕዝብ በኦሪት የተከለከለ የሚመስለውን ስብጥር ሲዘራ መኖሩ ሕጉን ከመዘንጋት የመጣ ነው፣ ወይስ ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ነገር በዚያው ማሳ ውስጥ ሳይጣስ ይገኛል?

ወደ ጥያቄው ከመግባት በፊት የሚነገርበትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። አሰባጥሮ መዝራት ማለት በአንድ የዝናብ ወቅት በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሰብል ዓይነቶችን አብሮ ማሳደግ ሲሆን፣ ዘንድሮ ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ ከርሞ ስንዴ ከመዝራት፣ ማለትም ሰብልን ከማፈራረቅ ይለያል። ዘሩ ተደባልቆ ሊበተን፣ በየመስመሩ ተለይቶ ሊዘራ፣ ወይም አንዱ ሰብል ከፍ ካለ በኋላ ሌላው በሥሩ ሊገባ ይችላል። ጥራጥሬ የሚባሉት ደግሞ ፍሬያቸውን በቆባ ውስጥ የሚይዙት፣ እንደ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፣ ቦሎቄና ግብጦ ያሉት ናቸው። የጥንቱም ሆነ የዛሬው ስብጥር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ከብርዕ ወይም ከአገዳ ሰብል፣ ማለትም ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ያጎራብታል።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ክርስቲያን የስም ጥያቄ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከኦሪት የወረሰችውን ብዙ ነገር በአክብሮት ይዛ የኖረች ናት፤ ግዝረት፣ የሚበላውንና የማይበላውን እንስሳ መለየት በምእመናኗ ዘንድ ጸንተው ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤም ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር አጽንቷል። ስለ ሥጋና ስለ ሰንበት ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ ስለ ዘር የተጻፈውን ለምን አላጠበቀም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሥርዓታዊው የኦሪት ክፍል በክርስቶስ ተፈጽሟል የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ጥያቄውን ቶሎ የሚዘጋ መልስ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሕግ መፈጸሙን ማወቅ ሕጉ ሲሰጥ ምን ሊጠብቅ እንደነበረ ከመጠየቅ ነጻ አያወጣም። የተፈጸመ ሕግ ፍሬው ይቀራል፤ ፍሬውን ለመልቀም ደግሞ ሕጉን ሳያቋርጡ ሲጠብቁ ወደኖሩት መሄድ ይገባል።

አይሁድ ይህን ትእዛዝ ኪልአይም ብለው ይጠሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በይሁዳ ሃናሲ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፋቸውም ለዚሁ ጉዳይ ሙሉ ክፍል መድቦለታል። ክፍሉን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የመለኪያውን ብዛት ነው። በአንድ መስፈሪያ ዘር ውስጥ የሌላ ዓይነት ዘር ከሃያ አራት እጅ አንድ እጅ ከደረሰ ገበሬው እንዲቀንሰው ታዟል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ዘሩ እንደ ድብልቅ አይቆጠርም። ስድስት ጋት በስድስት ጋት በሆነች የአትክልት መደብ ላይ አምስት ዓይነት ዘር፣ አራቱን በአራቱ ጎን አንዱን በመካከል አድርጎ መዝራት ተፈቅዷል። ስንዴና እንክርዳድ፣ እንዲሁም አንዳንድ የጥራጥሬ ጥንዶች፣ ስማቸው ቢለያይም እርስ በርሳቸው እንደ ተከለከለ ድብልቅ አይታዩም ተብሎ ተወስኗል። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ የጥንት ሊቃውንት የተለያዩ ዘሮች በአንድ መሬት መጎራበታቸውን ሳይሆን ድንበራቸው ጠፍቶ መደባለቃቸውን እንደ ተከላከሉ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ማለት የዛሬው የበቆሎና የቦሎቄ መስመር በእነርሱ ሕግ የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም፤ በእህልና በእህል መካከል የሚጠይቁት ርቀት ከዚህ የሰፋ ነው። በሌላ በኩል የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ በሕግ መጽሐፉ እንዳስቀመጠው፣ የዘር ድብልቅ ክልከላ በእስራኤል ምድር የሚጸና እንጂ ከዚያች ምድር ውጭ ያለውን እርሻ የሚያስር አይደለም። ተፈጥሮን በራሷ የሚያረክስ ድርጊት ቢሆን ኖሮ በአንድ አገር ተከልክሎ በሌላው ባልተፈቀደ ነበር።

ስለ ትእዛዙ ምክንያት የአይሁድ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸው ራሱ ለዚህ ጥያቄ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1105 ያረፈው ራሺ ትእዛዙን ምክንያቱ ያልተገለጠ የንጉሥ አዋጅ ብሎ በዚያው አቆመው። ማይሞኒደስ ከአንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ምክንያቱን በታሪክ ፈለገ፤ የጥንት ጣዖት አምላኪዎች የእህል ዘርና የወይን ፍሬ አንድ ላይ እየዘሩ ይፈጽሙት ከነበረው አምልኮ እስራኤልን ለመለየት የተሰጠ ነው አለ። ናሕማኒደስ ደግሞ ከሁሉም ጠልቆ ወደ ሥነ ፍጥረት ሄደ፦ ፈጣሪ እያንዳንዱን ፍጥረት በየወገኑ ካጸና በኋላ ወገንን ከወገን የሚቀላቅል ሰው፣ ዓለም ጎድሎ እንደ ተፈጠረ አድርጎ የፈጣሪን ሥራ ሊያርም የተነሣ ነው። የራሺ ዝምታ ክብር የሚገባው ትሕትና ነው፤ የማይሞኒደስም ታሪክ ጠቃሚ ነው፤ ለዛሬው ገበሬና ለዛሬው አማኝ እውነተኛ ፈተና ሆኖ የሚቆመው ግን የናሕማኒደስ ቃል ነው፤ ጣዖቱ ቢጠፋም ፍጥረት አለና።

ናሕማኒደስን በጥሞና የሚሰማ ሰው ግን ማሳው ውስጥ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ይኖርበታል። በስብጥር ውስጥ ባቄላው ስንዴ አይሆንም፣ ስንዴውም ባቄላ አይሆንም፤ አንዱ የሌላውን ዘር አይለውጥም፣ ከሁለቱም የሚለቀመው ፍሬ እንደየወገኑ ነው። ይልቁንም እያንዳንዱ በወገኑ ሳለ፣ ሌላው ሊያደርገው የማይችለውን ስለሚያደርግ ነው ጉርብትናው የሚጠቅመው። ይህ ምስጢር በሳይንስ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናውያኑ ሄርማን ሄልሪጌልና ሄርማን ቪልፋርት፣ ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ በሚታዩት ትናንሽ እባጮች አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን እንደሚጠቀሙ በበርሊን አስታወቁ፤ በ1888 ደግሞ ኔዘርላንዳዊው ማርቲኑስ ባየሪንክ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩትን፣ ዛሬ ራይዞቢየም የሚባሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ለይቶ አሳደገ። ከአየር መቶ እጅ ሰባ ስምንቱ ያህል ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ስንዴም ሆነ በቆሎ በዚህ ሀብት መካከል ቆሞ ከእርሱ አንዳች መውሰድ አይችልም፤ የሚያገኘው ከአፈር ብቻ ነው። ጥራጥሬው ለሕዋሳቱ ማደሪያና ከቅጠሉ የሠራውን ምግብ ይሰጣል፤ እነርሱም የአየሩን ናይትሮጅን ተክል ሊመገበው ወደሚችል ነገር ይለውጡለታል።

ስለዚህ ጉዳይ በተለምዶ የሚነገረው፣ ባቄላው አጠገቡ ላለው እህል ናይትሮጅን ያጠጣዋል የሚለው፣ መታረም አለበት። በዚያው ወቅት ከጥራጥሬው ሥር ወደ ጎረቤቱ በቀጥታ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ዋናው ጥቅም የሚመጣው ጥራጥሬው ከአየር ስለሚመገብ የአፈሩን ድርሻ ለእህሉ በመተዉ ነው፤ እህሉ በበኩሉ የአፈሩን ናይትሮጅን ፈጥኖ ስለሚወስድ ጥራጥሬውን ወደ አየሩ ይበልጥ እንዲዞር ይገፋዋል፤ ለከርሞውም ሰብል ከጥራጥሬው ሥርና ቅጠል መበስበስ የሚገኝ ቀሪ አለ። ከዚህ ሌላ የባቄላና የሽምብራ ሥሮች፣ ከሁሉም ይልቅ በጎጃም የሚበቅለው የነጭ ግብጦ ሥር፣ አፈር አጥብቆ የያዘውን ፎስፈረስ የሚያላቅቁ አሲዶችን ያመነጫሉ፤ ሎንግ ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የቻይና ጥናት፣ ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይ ከባቄላ ጋር የተጎራበተ በቆሎ ከዚህ ሥራ ተጠቃሚ እንደሆነ አሳይተዋል። አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ከራሱ ወገን ወጥቶ አይደለም፤ በወገኑ በመጽናቱ ነው። ናሕማኒደስ የፈራው የወገን መፍረስ በዚህ ማሳ አይታይም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ስለ ሥነ ፍጥረት የሚያስተምሩት ትምህርት በዚህ ላይ ብርሃን ይጨምራል። በዚያ ትምህርት መሠረት ዕፅዋትና አዝርዕት በሦስተኛው ቀን፣ በማክሰኞ፣ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቆረጡ ሆነው በሦስት ወገን ተፈጥረዋል፤ በየወገናቸው የተለዩት ሁሉ ግን በአንድ ቀን፣ ከአንዲት ምድር፣ በአንድ ቃል ወጡ። ከዚህም በላይ ሥጋ ያለው ፍጥረት ሁሉ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ ከአራቱ ባሕርያት የቆመ ነው ይላሉ፤ እሳትና ውኃ በጠባይ ተቃራኒ ሲሆኑ ፈጣሪ በጥበቡ አስማምቶ በአንድ አካል እንዲኖሩ አደረጋቸው። እንግዲህ መለየት ብቻ ሳይሆን የተለዩትን ማስማማትም የፍጥረት ሥርዓት ነው፤ ባቄላውም ከነፋስ ያገኘውን ለመሬት ሲተው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ይሠራል እንጂ ከሥርዓቱ አይወጣም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጥልቅ ምስጢር፣ የመለኮትና የትስብእት ተዋሕዶ፣ ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየትም የሆነ አንድነት ተብሎ ይነገራል። ያን ምስጢር ከእርሻ ጋር ማስተካከል አይገባም፤ ሆኖም በዚህ ትምህርት ያደገ አእምሮ አንድነትንና መደባለቅን ለይቶ ማየት ስለ ለመደ፣ የተሰባጠረውን ማሳ በሌላ ዓይን ሊያይ ይችላል።

እስካሁን የተባለው ስብጥር ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። ትእዛዙ በኦሪት ዘዳግም ከበሬና ከአህያ ቀንበር ጎን መቀመጡ ችላ ሊባል አይገባም። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው አብርሃም ኢብን ዕዝራ ያንን ትእዛዝ ሲተረጉም፣ የአህያ ኃይል እንደ በሬ ኃይል ስላልሆነ ፈጣሪ ለደካማው ራርቶ የሰጠው ነው አለ። ይህ ትርጓሜ ለዘርም የሚሆን መለኪያ ይሰጣል፦ ጥያቄው ሁለት መሆናቸው ሳይሆን፣ ብርቱው ደካማውን ይጨቁነዋል ወይ የሚለው ነው። በማሳም ይህ በግልጽ ይታያል፤ በቆሎው ቀድሞና በርክቶ ከተዘራ ረጅሙ አገዳ ብርሃኑን ሁሉ ይወስድና በሥሩ ያለው ቦሎቄ ገርጥቶ ያለ ፍሬ ይቀራል፤ በእርጥብ ዓመት ደግሞ የሚጠመዘዘው ቦሎቄ አገዳውን ጎትቶ ይጥላል። የዘሩን መጠን መመጠን፣ የመስመሩን ስፋት መለካት፣ አንዱን ከሌላው አዘግይቶ በሽልሻሎ ጊዜ፣ ማለትም በበሬ በሰብሉ መካከል በሚታረስበት ጊዜ ማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ለደካማው ቦታ የሚተዉ ሥራዎች ናቸው። ሚሽናው በጋትና በክንድ የለካው በሌላ ዓላማ ቢሆንም፣ ጉርብትና ያለ ልክ አይጸናም የሚለው ማስተዋሉ ግን ትክክል ነው።

የግብርና ተመራማሪዎች ለዚህ የራሳቸው ሚዛን አላቸው፤ የመሬት አቻ ምጣኔ ይባላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በአንድ ሄክታር ለብቻው 40 ኩንታል የሚሰጥ በቆሎና ለብቻው 16 ኩንታል የሚሰጥ ቦሎቄ አብረው ሲዘሩ 34 ኩንታልና 8 ኩንታል ቢሰጡ፣ በቆሎው የብቻውን 0.85፣ ቦሎቄው የብቻውን 0.50 አስገኝተዋል ማለት ነው፤ ድምሩ 1.35 ይሆናል። ትርጉሙም ያንኑ ምርት ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት 1.35 ሄክታር መሬት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ድምሩ ከአንድ በታች ቢሆን ጉርብትናው መጎዳዳት እንደሆነ ይመሰክራል። በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ሁለቱም ሰብሎች ብቻቸውን ቢሆኑ ከሚሰጡት ያነሰ ሰጥተው ማሳው ግን በዝቶለታል። መሬት በውርስ እየተከፋፈለ ከአንድ ሄክታር በታች በወረደባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ይህ ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የክረምት ቀለብ ነው።

ለስብጥር ከመጽሐፍ ቅዱስ ድጋፍ ለመጥቀስ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 4 ይሄዳሉ፤ በዚያ ነቢዩ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ምስር ከሌሎችም ጋር በአንድ ዕቃ አድርጎ እንጀራ እንዲጋግር ታዟል። ጥቅሱ ግን ለዚህ አያገለግልም፤ ያ እንጀራ የከበባና የረኃብ ምልክት ነውና። የተሻለው ምስክር በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28 መጨረሻ ያለው ነው። በዚያ ገበሬው አፈሩን ካለሰለሰ በኋላ ቅመሙን ይበትናል፣ ስንዴውን በመስመር፣ ገብሱን በተመደበለት ስፍራ፣ ሌላውንም እህል በዳርቻው ይዘራል፤ ነቢዩም ይህን ሥርዓት ያስተማረው አምላኩ እንደሆነ ይናገራል። በአንድ ገበሬ ይዞታ ላይ ብዙ ዘር አለ፤ እያንዳንዱ ግን ቦታ አለው፤ ዕውቀቱም ከሰማይ እንደ ተሰጠ ተቆጥሯል። የገበሬን ጥበብ ከመገለጥ ጋር ያስተካከለ እንዲህ ያለ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ስለ ዘር የሚጽፍ የሃይማኖት ሰውም ከዘሌዋውያን ጋር አብሮ ሊያነበው ይገባል።

ዛሬ ማሳውን ወደ አንድ ዘር ብቻ የሚገፋው ደግሞ ኦሪት አይደለም። በአርሲና በባሌ ሜዳዎች ኮምባይነር የሚያጭደው በአንድ ጊዜ የሚደርስ፣ በአንድ ቁመት የቆመ ስንዴ ነው። ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለመግደል በስንዴና በጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ አረሙን ከባቄላው አይለይም፤ ባቄላም ሰፊ ቅጠል ነውና አብሮ ይሞታል። ማሽኑንና መድኃኒቱን የተጠቀመ ገበሬ አይወቀስም፤ ጉልበት ባነሰበትና የአረም ክፍያ በከበደበት ቤት እፎይታ ሰጥተውታልና። ነገር ግን ይህ የማሳ ንጽሕና የፍጥረትን ድንበር ለማክበር የመጣ ሳይሆን ለሥራ እንዲቀል የመጣ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ፈጣሪ ጎደሎ ሠራ ብሎ ማረም እንደ ናሕማኒደስ አባባል ኃጢአት ከሆነ፣ ከባቄላ ጋር የቆመውን ስንዴ ከመውቀስ በፊት ከስንዴ በቀር አንዳች እንዳይበቅል የተደረገውን ሜዳ መመርመር ይቀድማል።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ዘር የሚናገረው የዘሌዋውያን ቁጥር ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ከታዘዘበት ቁጥር ቀጥሎ የተጻፈ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ አካባቢም የእርሻ ዳርቻ ሳይታጨድ ለድሃና ለእንግዳ እንዲተው ታዟል። ጥራጥሬ በኢትዮጵያ ከዚህ ትእዛዝ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው። እህሉ ሳይደርስ፣ ጎተራው በጎደለበት በመስከረምና በጥቅምት፣ የባቄላና የአተር እሸት ቀድሞ ለአፍ ይደርሳል፤ ከምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል በሚጠበቀው ጾም የሥጋንና የወተትን ቦታ የሚሸፍነው ሽሮውና ክኩ ነው። የእህሉ ገንቢ ምግብ የጎደለውን የጥራጥሬው ስለሚሞላ፣ ሁለቱ በማሳ ብቻ ሳይሆን በሰውም አካል ይደጋገፋሉ። ጥራጥሬውን ከማሳው ያስወጣ አሠራር ስለዚህ የሚነካው አፈሩን ብቻ አይደለም፤ ሽሮን ከገበያ መግዛት የማይችለውን ጾመኛ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ቢባልም፣ ስብጥሩን የሚደግፍ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል። በምርምር ጣቢያ የሚወጡት አዳዲስ የስንዴ፣ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተኑት ለብቻቸው ተዘርተው ነው፤ ለብቻው ሲዘራ አንደኛ የወጣ ቦሎቄ ግን በበቆሎ ጥላ ሥር አንደኛ ላይሆን ይችላል፤ በጎረቤት መካከል ታግሦ የሚያፈራውም በብቸኝነቱ ሚዛን ተመዝኖ ሊጣል ይችላል። ገበሬው ከአባቱ የወረሰው የባቄላና የአተር ድብልቅ ግን እየተዘራና እየተለቀመ በጉርብትና የተመረጠ ዘር ነው። ያ ዘር በተሻሻለ ዝርያ ተተክቶ ከመጥፋቱ በፊት ከነጎረቤቱ መፈተን፣ ቢያንስ እንደ ነበረ በዘር ባንክ መቀመጥ ይኖርበታል።